ለአባቴ የላክሁት ቫይታሚን

ሥራዬ መድኃኒት ማደል ነው። አሶሳ ውስጥ ባለች አንዲት መድኃኒት ቤት ከመደርደሪያው ፊት መቆም ከጀመርሁ አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ። ወደዚያ የወሰደኝ ትዳር ነው፤ የባሌ ወላጆች በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የሄዱ ናቸው። ማዘዣ አንዴ በዓይኔ፣ አንዴ በጣቴ እየተከተልሁ ነው የማነበው። ኪኒን ስቆጥር ሰው ካናገረኝ ተመልሼ ከአንድ እጀምራለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት "አንቺማ የምታስረክቢው ለመላእክት ነው የሚመስል" እያሉ ይስቁብኛል። እኔም እንደዚያው ነው የማስበው፤ ነገ የምጠየቅበት አደራ ነው።

እንዲህ ያለሁት ሴት ነኝ እንግዲህ ለገዛ አባቴ የማይሆን መድኃኒት የላክሁት።

አባቴ ከመርሳ ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ በመስኖ ሽንኩርትና ማንጎ ያለማሉ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከታናሽ ወንድሜና ከሚስቱ ጋር ነው የሚኖሩት። አንድ ቀን ማንጎ ሲያወርዱ ከመሰላል ተንሸራተው ጎናቸውን ተመቱና ወንድሜ ወልድያ ወስዶ ራጅ አስነሳቸው። አጥንታቸው ደህና ነበር። ሐኪሙ ግን ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ብዙ ቆየና "የጎኑስ ይሽራል፤ ይኼ ከላይ ያለው ጥላ ግን ይታይ" አለ። ደሴ ሄደው ሲቲ ስካን ተነሡ። በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ ወንድሜ ወረቀቱን በስልኩ አንስቶ ላከልኝ።

ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ አነበብሁት። ካንሰር ነው። በቀኝ ሳንባ የላይኛው ክፍል፣ ሎሚ የምታህል ዕጢ። የደሴው ሐኪም ለወንድሜ የነገረውም ይኸው ነው፤ "ገና አልተሰራጨም። አሁን ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ከቆያችሁ ግን የሚነካው ሐኪም አታገኙም" ብሎ አዲስ አበባ ላለ የደረት ቀዶ ሐኪም ጽፎላቸዋል። ቀጠሮው ከሰባት ሳምንት በኋላ ነበር።

"ምን ልበላቸው?" አለኝ ወንድሜ በስልክ። አባቴ ከእሱ አሥር እርምጃ ርቀው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ኖሮ ሳላቸው ይሰማኛል።

በእኛ አገር ክፉ በሽታ ለባለቤቱ አይነገርም። ስሙን የሰማ ልቡ ቀድሞ ይሞታል እንላለን። መርዶ እንኳ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ባለቤቱ ሳይዘጋጅ እንዳይሰማው ተብሎ ነው የሚረዳ። እኔም በዚያው አደግሁ።

"የድሮ ቲቢ ጠባሳ ነው በላቸው" አልሁት። "አዲስ አበባ ሄዶ ይጠረጋል በል።"

"ያምኑኛል?"

"እሷ ናት ያለችኝ በል።"

አመኑ። ችግሩ አጥብቀው ማመናቸው ነው።

የአባቴ ታላቅ ወንድም በልጅነታቸው በዚሁ በቲቢ ነው የሞተ። ያን ጊዜ ልጁን ከቤት አውጥተው ጎጆ ሠርተውለት፣ ጣሳውን ለይተው፣ ምግቡን ደጃፍ ላይ ያኖሩለት እንደነበር አባቴ አልፎ አልፎ ያወሩን ነበር። ለካ አልረሱትም። ከደሴ በተመለሱ በሁለተኛው ሳምንት ወንድሜ ደወለ።

"እትዬ፣ ምንጣፋቸውንና አንድ ጣሳ ይዘው ማሳው ጎጆ ገቡ።"

"ለምን?"

"ሕፃኗን እንዳላስይዛት ነው የሚሉ። ምሳቸውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠን ዘወር ስንል መጥተው ያነሣሉ። መስጂድም ከሰጋጁ ሶፍ ወጥተዋል፤ ከግድግዳው ውጭ ለብቻቸው ነው የሚሰግዱ። ሰዉ ምን ሆኑ እያለ ይጠይቀኛል።"

ሕፃኗ የወንድሜ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ያኔ ገና ልትቆም ወንበር ይዛ የምትንገዳገድ ነበረች፤ ከአባቴ ጭን አትወርድም ነበር። ያን ቀን እውነቱን መናገር እችል ነበር። "ለቀጠሮው ትንሽ ነው የቀረ፤ ይታገሡ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

በማግስቱ ራሳቸው ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ለወንድሜ ጊዜ መድኃኒቱ አልነበረም። አሁን ኪኒን አለው ሲሉ እሰማለሁ። ካንቺ እጅ የሚሻል የለ፤ ላኪልኝ።"

"እሺ አባዬ" አልሁ።

ቫይታሚን ነው የላክሁላቸው። ከብልቃጡ ገልብጬ በወረቀት ፖስታ አድርጌ፣ "ጠዋት ጠዋት አንድ" ብዬ ጽፌበት፣ በመንገደኛ እጅ። አይጎዳቸውም፣ እስከ ቀጠሮው ልባቸውን ያሳርፋል አልሁ ለራሴ። ቢስሚላህ ሳልል ኪኒን ቆጥሬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን አፌ አልታዘዘልኝም። ዝም ብዬ ቆጠርሁ።

ለቀጠሮው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ወንድሜ እንደገና ደወለ። "አልሄድም አሉ።"

"ምን ሆኑ?"

"ደህና ሆኑ። ችግሩ እሱ ነው። ኪኒንሽ ሠራላቸው። 'ሳሌ ቀለለ፣ እህል በላሁ፣ የቲቢውን ስድስት ወር ልጨርስ፤ የሚድን ደረት ለምን ይቀደዳል' ነው የሚሉ።"

"አባብላቸው እንጂ።"

"እኔን? 'ከእሷ በላይ አንተ ታውቃለህ ወይ?' ይሉኛል። ራስሽ ነሽ እዚህ ውስጥ ያስገባሻቸው፤ ራስሽ ነይና አስወጪያቸው።"

ያን ቀጠሮ ካለፍን ሌላ የምናገኘው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ የሚነግረን አልነበረም። ሎሚዋ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቅም። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ተሳፈርሁ። ከአሶሳ አዲስ አበባ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ደሴ። የሰሜኑ መንገድ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ነበርና ደሴ ሁለት ቀን ቆየን። ስንለቀቅም ሚኒባሱ ውርጌሳ ላይ ቆመና እስከ ዓሱር ሶላት ከጥላ ወደ ጥላ እየተዘዋወርን ጠበቅን። መርሳ ስወርድ የቀረን አራት ቀን ነበር። ወንድሜ በባጃጅ ጠበቀኝ። በቀጥታ ወደ ማሳው ሄድን።

አባቴ ጎጆው ደጃፍ ጆንያ ላይ ተቀምጠው የሽንኩርት ችግኝ ይለያሉ። በመካከላችን ቦዩ ነበር፤ ውኃው ሞልቶ ይወርዳል። ሲያዩኝ የፎጣቸውን ጫፍ ስበው አፋቸው ላይ አደረጉ።

"እዚያው ሁኚ ልጄ። ነፋሱ ወደ አንቺ ነው።"

"አሰላሙ ዓለይኩም አባዬ።"

"ወዓለይኩሙ ሰላም። ከዚያው ነው የምንጨዋወት፤ አትቀየሚኝ። ኪኒኑ እኮ ጉድ ሠራ። አላህ ይስጥሽ።"

መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረ፤ ለስለስ ብሎ የሚጀምር። ይኼን ሲሉኝ ጠፋብኝ።

"አባዬ፣ ቲቢ አይደለም። ዋሽቼዎት ነው። ካንሰር ነው። የላክሁትም ቫይታሚን ነው፤ ለልጅ የሚሰጥ።"

የውኃው ድምፅ እንዳይውጠው ጮክ ብዬ ነው የተናገርሁት። ከጎን ማሳ ሽንኩርት የሚኮተኩቱ ሴት ቀና አሉ። ሰባት ሳምንት የደበቅነውን ቀበሌው በአንድ አፍ ሰማ።

አባቴ የያዙትን ችግኝ ጆንያው ላይ አኖሩ። ከዚያ "ያን ቀን የዋሸሽ፣ ዛሬ እንዳልዋሸሽ በምን ላውቅ?" አሉ። "እንድቀደድ ብለሽ ያመጣሽው ይሆናል።"

ቦዩን ተሻገርሁ። አንድ እግር ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ጣሳቸው ድንጋይ ላይ ተደፍቶ ነበር፤ ከጀሪካኑ ቀድቼ ጠጣሁበት። "ቲቢ ቢሆን ይኼን አደርግ ነበር?"

"አንቺ እልኸኛ ነሽ" አሉኝ። "እልኽ ከያዘሽ እንኳን ቲቢ እሬትም ትጠጫለሽ።"

በልጅነቴ ለጨዋታ ወላሂ ስል የሰሙኝ ቀን አፌን በውኃ አስጉመጥምጠውኛል። "የጌታን ስም ለዋዛ አይጠሩበትም" ብለው። ከዚያ ወዲህ ምዬ አላውቅም፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

"ወላሂ፣ አባዬ" አልሁ።

ፎጣውን ከአፋቸው አወረዱ። ችግኙን አንድ በአንድ ደርድረው ጨረሱና እጃቸውን አራገፉ።

"ሕፃኗ በእግሯ ሄደች አሉ።"

"አዎ፣ ሄደች።"

"እኔ ከዚህ ሆኜ ነው ያየኋት። ከቦዩ ማዶ። እጇን ዘርግታ ወደኔ ስትመጣ ውሰዷት ብዬ ጮህሁባቸው።"

"አውፍ ይበሉኝ አባዬ፤ ይቅር ይበሉኝ።"

"እሱ ይቆይ" አሉ። "መጀመሪያ አንድ ነገር ትምይልኛለሽ። ከእንግዲህ ስለኔ ሥጋ የሚነገር፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ ከሐኪም አፍ ሲወጣ መጀመሪያ የሚሰማው የኔ ጆሮ ነው። ወረቀቱ በእጅሽ ከገባ ከአንቺ ቀጥዬ እኔ። ከወንድምሽ በፊት። ከማንም በፊት።"

"እሺ።"

"እሺ አይበቃም።"

በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ማልሁ።

መግሪብ ላይ አባቴ መስጂድ ገብተው ሶፍ ውስጥ እንደቆሙ ወንድሜ ነገረኝ። አንድ የዕድሜ እኩያቸው "ዛሬ ምን ተገኘ፣ ግድግዳው ሰለቸህ?" ሲላቸው "ካንሰር ነው አሉኝ። አይተላለፍም፤ ጠጋ በል" ብለው መለሱለት። ያን ቃል በዚያ መስጂድ በራሱ ላይ የተናገረ ሰው ከዚያ በፊት የለም። ሰውየው ጠጋ አለ። ከሶላት በኋላ ሰጋጆቹ ማንም ሳይጠራቸው ተቀምጠው ዱዓ አደረጉላቸው።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት አዲስ አበባ ሐኪሙ ፊት ተቀመጥን። ወጣት ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ። ፊልሙን ሲያይ አባቴ ቀደሙት።

"ዶክተር፣ እነዚህ ሁለቱ የነገሩህን ተወው። ምን አለብኝ?"

ሐኪሙ ወደኛ ተመለከተ። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። እኔ ይንገራቸው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

"ካንሰር ነው አባባ።"

"ደህና። አሁን ሁላችንም እኩል አወቅን። ቀጥል።"

ወረቀት አውጥቶ ሣለላቸው። በቀኝ ጎናቸው ሦስት ቀዳዳ ይበሳል፤ በአንዷ ካሜራ ይገባል፤ እሱ በቴሌቪዥን እያየ ይሠራል። ትልቋ የሦስት ጣት ስፋት አላት። የታመመው የሳንባ ክፍል ከሥሩ ተቆርጦ፣ በከረጢት ተደርጎ በእሷ ይወጣል።

"ሳንባን ያህል ነገር በሽንቁር ይወጣል?"

"ሳንባ አየር ነው አባባ፤ አየሩ ሲወጣለት ይኮማተራል።"

አባቴ ሥዕሉን እያዩ "ከጎታ እህል እንደማውጣት ነው" አሉ። "ጎታው አይፈርስም፤ ከታች ሽንቁሩን ከፍተህ ነው የምታወጣ።"

ሐኪሙ ጎታ አያውቅም ነበር። የጭቃ ጎተራ መሆኑን፣ ከሥሩ መክደኛ ያላት ቀዳዳ እንዳለው አስረዱት። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና "ግን አልዋሽዎትም" አለ። "ከደረትዎ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ካገኘሁት ወይም ደም ካስቸገረኝ ጎታውን አፈርሰዋለሁ። ጎንዎን እከፍታለሁ ማለት ነው። ያኔ ሕመሙም ማገገሙም ይከብዳል። በዕድሜዎ ደግሞ እንዲከፈቱ አልፈልግም።"

"እንዲህ ነው ንግግር" አሉ አባቴ፣ እኔን እያዩ።

ትንፋሻቸው ይበቃ እንደሆነ ለማየት ሦስት ፎቅ ደረጃ አስወጣቸው። እሱ ሁለተኛው ላይ ሲያለከልክ እሳቸው ከላይ ሆነው ጠበቁት። በሦስተኛው ቀን ሊሠራ ተወሰነ። ወንድሜ ደም ሰጠ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አስገቧቸው። በተንቀሳቃሽ አልጋው ላይ ሆነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚሉ አውቃለሁና አብሬ አልሁ። በሩ ተዘጋ።

ሐኪሙ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል ብሎናል። ወንድሜ ኮሪደሩን እየተመላለሰ ለካው። እኔ መቁጠሪያዬን፣ ተስቢሔን ይዤ ተቀመጥሁ፤ ግን መድኃኒት ቤት እንደማደርገው ቁጥሩ እየጠፋኝ ከአንድ እጀምራለሁ። በእነዚያ ሰባት ሳምንታት ሎሚዋ አድጋ ይሆን? ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ይሆን? ከተጣበቀች በየትኛው ቀን ነው የተጣበቀችው፣ በየትኛው ቫይታሚን? ይኼን እያሰብሁ አላህን ለመለመን አፈርሁ። ለመንሁት ግን።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነርሷ በሩን ገፍታ ወጣች። "የአልጋ ቁጥር ሰባት ቤተሰብ?"

ሁለታችንም ተነሣን።

"ተጨማሪ ደም ያስፈልጋል። ማን ይሰጣል?"

"ተከፈቱ?" አለ ወንድሜ።

"እኔ አላውቅም። ደሙን ብቻ ነው የታዘዝሁት።" በሩ ተመልሶ ተዘጋ።

እኔ ልሰጥ ሄድሁ። መርፌው ክንዴ ላይ ሆኖ የዙህር አዛን ከሩቅ ሰማሁ። ከተከፈቱ እኔ ነኝ የከፈትኋቸው አልሁ በልቤ። ስመለስ ወንድሜ ከኮሪደሩ ጫፍ መሬት ላይ ተቀምጧል። "ማንም አልወጣም" አለኝ። ነጠላ ጫማዬን አውልቄ ጥጉ ላይ ሰገድሁ፤ ሱጁድ ላይ ሆኜ በሩ ሲከፈት ሰማሁ። እንዴት እንደጨረስሁት አላውቅም፤ ሳልቆርጥ ግን ጨረስሁ።

ሐኪሙ ግንባሩ ላይ የቆቡ መስመር ታትሞ ነበር።

"ነቅተው ሰው እስኪለዩ ለእናንተ አልነግርም" አለ። "ከመግባታቸው በፊት አስምለውኛል። አንድ ነገር ብቻ እንድናገር ፈቅደዋል፤ ጎታው አልፈረሰም።"

ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ።

ማምሻውን ከአልጋቸው አጠገብ ቆመን ሐኪሙ ለእሳቸው ሲነግር ሰማን። አንዲት የደም ሥር አምልጣ አስቸግራው ነበር፤ ለመክፈት ቢላዋ ካነሣ በኋላ በካሜራው እያየ ያዛት። ክፍሉ በሙሉ ወጥቷል፤ በዙሪያው ያሉ ንፍፊቶችም ተለቅመው ወጥተዋል። ካንሰሩ ወደ እነሱ ተሻግሮ እንደሆነ የሚናገረው የላብራቶሪው ምርመራ ነው። አባቴ ከጎናቸው የወጣውን ቱቦ እያዩ "ታዲያ ያ የወጣው አሁን የት ነው ያለ?" አሉ።

እኔ ጋር ነበር። ነርሷ በፕላስቲክ ዕቃ፣ በመድኃኒት ውኃ ውስጥ አድርጋ፣ ከተማው ማዶ ላለ ላብራቶሪ እንዳደርስ ሰጥታኝ፣ በታክሲ ጭኔ ላይ ይዤ ወስጄ አስረክቤ ነው የመጣሁት። በየጉብታው በሁለት እጄ ስይዘው አጠገቤ ያለች ሴት ማር መስሏት "እንዳይፈስብሽ" አለችኝ። ይኼንንም ሳልደብቅ ነገርኋቸው።

"ጭንሽ ላይ" አሉ። ሊስቁ ሲሉ ሕመሙ ያዛቸው። "አንቺን በወባ ጊዜ በጀርባዬ ወልድያ ሐኪም ቤት አድርሼሻለሁ። ብድራችንን ተመላለስን።"

በአምስተኛው ቀን ቱቦው ተነቀለ። እሳቸው ወደ መርሳ፣ እኔ ወደ አሶሳ ተመለስን።

ውጤቱ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ረፋድ ላይ፣ ለአንዲት እናት የልጇን መድኃኒት ስቆጥር ነው። ስልኬ ላይ ደረሰ። ቆጠራውን ለባልደረባዬ አስረክቤ ግምጃ ቤት ገባሁ፤ የመጀመሪያውን ያነበብሁበት ቦታ። የተቆረጠበት ጠርዝ ንጹሕ ነው። ከወጡት አሥራ ሁለት ንፍፊቶች ግን አንዱ ላይ ካንሰር ተገኝቷል።

ስልኩ በእጄ ውስጥ ጠራ። ወንድሜ ነው።

"ላብራቶሪው ዛሬ ይልካል ብሎኝ ነበር። መጣ አይደል?"

"መጣ።"

"ምን ይላል?"

የግምጃ ቤቱን በር ገፍቼ ዘጋሁት።

"እትዬ፣ ክፉ ከሆነ ለኔ ንገሪኝና እሳቸውን ተያቸው። ትናንት ሕፃኗን ታቅፈው ማሳውን ዞሩ። ይቺን ሳምንት ብቻ ደስ ይበላቸው። ከዚያ ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን።"

እኔም እንዲሁ ነበር የምመኘው። አንድ ሳምንት ምን ነበረው? ያኔም የጀመርሁት በጥቂት ቀን ነው።

"ስልኩን አቀብላቸው" አልሁት።

"እትዬ..."

"ምያለሁ እኮ። አቀብላቸው።"

እርምጃው ተሰማኝ፤ ከዚያ የቦዩ ውኃ።

"መጣ?" አሉ አባቴ።

"መጣ አባዬ።"

"በይ።"

እንዳነበብሁት ነገርኋቸው፤ መጀመሪያ ጠርዙን፣ ቀጥሎ ንፍፊቱን።

"ከአሥራ ሁለቱ አንዱ።"

"አንዱ።"

"ምን ይደረጋል?"

"በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ኬሞ ይሉታል። በየሦስት ሳምንቱ፣ አራት ጊዜ ያህል። ያደክማል፤ ያስመልሳል። ሐኪሙ ራሱ ዛሬ ይደውልልዎታል።"

"ቫይታሚን አይሁን ብቻ።"

"አይደለም አባዬ።"

"ያስቀረሽው ነገር አለ?"

"የለም። ወላ—"

"ተይ፣ አትማይ። አምኛለሁ።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፤ በቀረላቸው ሳንባ ረጅም ነበር። "ያን ያቆየሁብሽን አውፍታም ውሰጂው።"

ስልኩን ሳይዘጉት ለወንድሜ ሊመልሱለት ሲሉ ድምፃቸው ራቀ። "ምን አለችዎ?" ሲል ሰማሁት።

"ና፣ እዚህ ተቀመጥ" አሉት። "እኔ እነግርሃለሁ።"